ድሬ 7 ሰዓት ላይ አትታይም

ባለፈው ግንቦት አንድ ጓደኛዬ ከድሬዳዋ ደወለልኝ። ለስብሰባ ነበር የሄደው። ስብሰባው ሳይታሰብ በግማሽ ቀን አለቀ፣ የመመለሻ በረራው ደግሞ ለማግስቱ ነው። «አገርህ መጥቼ ተቀቅዬ ልሞት ነው፣ ለመሆኑ እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ?» አለኝ። ሰዓቴን አየሁ። 7 ሰዓት ከሩብ።

«ተኛ» አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። የምሬን ነበር። ድሬ ላይ ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት፣ በግንቦትና በሰኔማ እስከ 10፣ መንገድ ላይ የምታገኙት ፍየልና ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ብቻ ነው። ሱቁ ተዘግቷል። ባለሱቁ ሽርጡን አገልድሞ ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ ላይ ነው። ባጃጅ ነጂው ዛፍ ሥር አቁሞ፣ እግሩን በጎን አውጥቶ ተጋድሟል። እንግዳው ግን ምሳውን ይበላና፣ ኮፍያውን ያደርግና፣ «እስቲ ከተማውን ልይ» ብሎ የሚወጣው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ከዚያ ምን ያያል? የተዘጋ በርና የጋለ አስፋልት። ጠዋት ወደ ሐረር ወይ ወደ ቁልቢ ይቀጥላል፣ አዲስ አበባ ሲመለስ «ድሬ? ሙቀትና ባጃጅ» ይላል። ይቺን ቃል ስንቴ እንደሰማኋት!

እኔ እዚያው ተወልጄ እስከ 18 ዓመቴ አድጌያለሁ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ግን እውነቱን ልናገርና እኔም ድሬን በደንብ ያየኋት ከወጣሁ በኋላ፣ ለእረፍት ስመለስ ነው። ከከተማው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዓለም የሚያውቀው ዋሻ እንዳለ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ያውም ከሌላ አገር ልጅ ነው። አፈርኩ።

እንግዲህ ያን ቀን ለጓደኛዬ በስልክ የዘበዘብኩትን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ስለ በረሃነቷ። «የበረሃ ንግሥት» ስትባል ደስ ይለናል። የአሸዋ ክምር የሚጠብቅ ሰው ግን አያገኝም። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከፊል በረሃ የሚባለው ዓይነት ቦታ ናት። በደቡብ የሐረርጌ ተራሮች ጀርባዋን ይዘዋል፣ በሰሜን ሜዳው ወደ አፋርና ወደ ሶማሌ ይዘረጋል። ዝናቡን ተራራው ይወስደዋል፣ ለድሬ የሚደርሳት ብዙ ጊዜ ጎርፉ ነው። ስሟም ቢሆን አከራካሪ ነው። ሶማሌው ድር የሚባለው አባት ጦሩን የተከለባት ናት ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ነው፣ «ዳዋ» መድኃኒት ነው፣ የመድኃኒት ሜዳ ማለት ነው ይላል። ይሄን ክርክር ድሬ ሻይ ቤት ውስጥ ካነሳችሁ ሁለተኛ ሻይ ማዘዝ ነው፣ ቶሎ አያልቅም።

«10 ሰዓት ሲሆን ወደ ከዚራ ውጣ» አልኩት ጓደኛዬን።

ከዚራን ለመረዳት ባቡሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪው ከበደ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1902፣ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ ቆመና እዚያው ከተማ ተቆረቆረ። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር ስሟ። ከዚያ የባቡሩ ኩባንያ ከሰረ፣ ሥራው ለዓመታት ተጓተተ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እስቲ አስቡት። ከባሕር የመጣው ዕቃ ሁሉ ድሬ ላይ ወርዶ ግመልና በቅሎ ላይ የሚጫንበት ዘመን ነበር። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ ተሰባሰበ። ፈረንሳዮቹ ለባቡሩ ሰዎች ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ ቀየሱ፣ ዛፍ ተከሉበት። ያ ነው ከዚራ። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ በማንም ሳይቀየስ በንግዱ እየተጠማዘዘ አደገ። ሁለቱን የሚለያቸው አሸዋማው የወንዝ መውረጃ ነው።

ሰው ከዚራን ሲያስጎበኝ ሕንፃ ያሳያል። እኔ ዛፉ ይበልጥብኛል። 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዘወር ስትል፣ ከግራና ከቀኝ መንገዱ ላይ የተገናኙት ቅርንጫፎች ሥር ከዋናው መንገድ የተለየ አየር ይነፍሳል። ሰው ከቤቱ መውጣት ይጀምራል። መጀመሪያ አንድ በር ይከፈታል፣ ውኃ ደጅ ላይ ይረጫል፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ በርጩማ ይወጣል። ከዚያ ከየት መጡ ሳትሉ ሕፃናት መንገዱን ሞልተውታል። እዚያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሻይ ይዞ አንድ ሰዓት መቆየት ነው። ዙሩ ከተባላችሁ እንቢ በሉ፣ ባጃጅ ላይ ሆኖ ከዚራን መዞር አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ምንም አይታይም።

ከከዚራ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ በእግር ነው። እዚህ ላይ አድልዎ ካለብኝ ይቅር በሉኝ፣ የአባቴ መሥሪያ ቤት ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ፣ ስለዚህ ዛሬ በባቡር የሚመጣ ሰው ይሄንን ቦታ ሳያየው ያልፋል። የድሮው ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ነበር፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር። ዛሬ ቆማችሁ ስታዩት መጫወቻ ይመስላል። በዚያ ላይ ነው እንግዲህ አገር ሙሉ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅና ሰው የተመላለሰው።

የጥገና ወርክሾፑን ያየሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። መታወቂያዬን በር ላይ አስቀምጬ ገባሁ። ፈቃድ መጠየቅ ስላለ እናንተም መታወቂያ አትርሱ። ውስጡ የጠቆረ ዘይትና የብረት ሽታ አለው፣ አባቴ ማታ ቤት ሲገባ ይዞት የሚመጣው ሽታ። የቶርኖ ማሽኖቹ ተራ ይዘው ቆመዋል። አንዱ ላይ ጎንበስ ብዬ የብረት ሳህኗን አነበብኩ፣ ፈረንሳይኛ ነው፣ ፊደሉ በእጅ ብዛት ጫፍ ጫፉ ተልጓል። የመዘውሩ እጀታ የእንጨት ነው። የሰው መዳፍ በሚያርፍበት በኩል ጎድጎድ ብሏል። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። «ጋሼ፣ ይሄ አሁንም ይሠራል?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። እጀታውን ያዙና ሩብ ዙር አዞሩት፣ ድምፅ ሳያሰማ ዞረ። «አቦ አንተ ትቆማለህ፣ እሱ አይቆምም» አሉኝና ሄዱ።

ቋንቋችን ውስጥ ከዚያ ግቢ የወጣ ስንት ቃል እንዳለ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ለገሃር ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት። ፉርጎ ከዚያው ነው። ኦቶራይ ከዚያው ነው። የድሬ ሽማግሌዎች እስካሁን ምድር ባቡርን ሸመንደፈር ይሉታል። ልጅ ሆኜ «አባትህ የት ነው የሚሠራው?» ስባል «ሸመንደፈር» ስል፣ ቃሉ የሌላ ሰው ቋንቋ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ደቻቱ። ይሄኛው ለብቻው ይታይ።

የሰፈር ስም ይመስላል እንጂ ወንዝ ነው። አብዛኛውን ዓመት ጠብታ ውኃ የሌለበት ሰፊ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይሻገርበታል፣ አቋራጭ የሚፈልግ ሰው ይመላለስበታል። ማለዳ ሄዳችሁ ከድልድዩ ላይ ወደ ታች ብትመለከቱ፣ ከገጠር የመጡ ግመሎች ጭነታቸውን ይዘው በአሸዋው መሐል ለመሐል ሲጓዙ ታያላችሁ። አስፋልቱ አጠገባቸው ነው፣ ግን አሸዋው ለእግራቸው ይስማማል። ቆንጆ ነው።

ቆንጆ ነው ብዬ ማለፍ ግን አልችልም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሌሊት፣ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ደቻቱን ሞልቶ ወጣና ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ቤቱም ሰውም በእንቅልፍ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በግራና በቀኝ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ያ ግንብ ላይ ሰው ማታ ማታ ተቀምጦ ነፋስ ይቀበላል፣ ጥንዶች ያወራሉ፣ ለውዝ ይበላል። እንግዳ ሆናችሁ ስትመጡ እናንተም ትቀመጡበታላችሁ። አጠገባችሁ ያለው ትልቅ ሰው ድንገት ዝም ካለ አትጠይቁት።

ከደቻቱ ማዶ መጋላ ውስጥ ከፊራ ገበያ አለ። እዚህ ላይ ሰዓት መቀለድ የለም፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው። የገበያው ግንብ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተጠማዘዙ ቅስቶች አሉት፣ ሰሜን አፍሪካ የገባችሁ ይመስላችኋል። ከሥሩ ኦሮሞዋ፣ ሶማሌዋ፣ አፋሯ፣ ሐረሪዋ ሸቀጧን ዘርግታለች። ዘይቱን፣ ማንጎ፣ አምበሾክ፣ ቅመም፣ ዕጣን። የሚገርመው ፍሬው ሳይሆን ጆሯችሁ ነው የሚጠግበው። አንዲት ሻጭ ለአንዱ ደንበኛ በሶማልኛ ዋጋ ትጠራለች፣ ለሁለተኛው በኦሮምኛ ትምላለች፣ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «አቦ አትነካካው፣ ትገዛለህ ወይስ ፎቶ ልታነሳ ነው?» ትለኛለች። ፎቶ ልታነሱ ከሆነ መጀመሪያ ግዙ፣ ከዚያ ጠይቁ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋሻው።

ከከተማው በስተደቡብ፣ ደቻቱ ከሚወርድበት ሸለቆ በላይ፣ ገደሉ ወገብ ላይ ነው ያለው። ስሙ ፖርክ ኤፒክ ነው፣ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ያገኙት ሁለት ፈረንሳዮች ናቸው፦ አንደኛው ቄስም የጥንት ቅሪት ተመራማሪም የሆነው ቴያር ደ ሻርደን፣ ሁለተኛው ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ የሚባለው የቀይ ባሕር ኮንትሮባንዲስት። ቄስና ኮንትሮባንዲስት! ከድሬ ውጭ እንዲህ ዓይነት ጥንድ የት ይገናኛል? በ1933 ተቆፈረ፣ በ1970ዎቹም እንደገና። የድንጋይ መሣሪያ ተገኘ፣ የሰው መንጋጋ ተገኘ። እኔን ግን የያዘኝ ቀለሙ ነው። የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ እዚያ የነበሩ ሰዎች ቀይ የቀለም ድንጋይ እያመጡ ይፈጩ ነበር። የተሰበሰበው ተመዝኖ 40 ኪሎ ደርሷል፣ በቁጥር ከ4,000 በላይ ስብርባሪ። ይሄን ሥራ 4,500 ዓመት ያህል ነው የሠሩት፣ እዚያው ዋሻ ውስጥ። ከአክሱም ሐውልቶች እስከ ዛሬ ያለው ዘመን የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ልወጣ የሞከርኩት ከአብሮ አደጌ ጋር ነው፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ። አርፍደን ተነስተን፣ ፉል በልተን፣ ተጨዋውተን፣ ዳገቱ ሥር ስንደርስ 5 ሰዓት ሆኗል። የያዝነው ውኃ ግማሽ ሊትር ነው፣ ለሁለት። የድሬ ልጅ ነን፣ ሙቀት ምን ያደርገናል! መሐል ላይ ድንጋዩ መጋል ጀመረ፣ እጅ አያስነካም። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫዬ ነሰረኝ። ጓደኛዬ ሸሚዙን አውልቆ ጭንቅላቴ ላይ ጣለልኝና እየተሳደበ አወረደኝ። ታች ከብት የምትጠብቅ ልጅ አየችንና «ፈረንጅ እንኳን በዚህ ሰዓት አይወጣም» አለች። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው።

ሁለተኛው ጊዜ 11 ሰዓት ተኩል ሌሊት ተነሳሁ። መንገዱን የሚያውቅ የሰፈር ልጅ ይዤ፣ ውኃ በየነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር ይዘን፣ 1 ሰዓት ላይ ደረስን። ውስጡን ሙዚየም አድርጋችሁ አትጠብቁት። የተገኘው ነገር ተወስዷል። ግድግዳው ላይ የደበዘዘ ሥዕል አለ፣ የሚያሳያችሁ ሰው ከሌለ በአጠገቡ ታልፋላችሁ። እኔ አፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች ሸለቆው ገና ጥላ ውስጥ ነው፣ ከሩቅ ከተማው ላይ ፀሐይ ወጥታለች፣ ቆርቆሮው ያበራል። ያ ቀለም ፈጪ ሰውዬ እዚህ ቦታ የመረጠው ለዚህ ጥላ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። በረሃ የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥላውን ነው።

ዋሻ ካማራችሁ ለጋ ኦዳም አለ፣ ከድሬ ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። «ኦዳ» በኦሮምኛ ዋርካ ነው፣ «ለጋ» ወንዝ። ከለላ ድንጋዩ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች አሉ፣ አብዛኛው ከብት። ልብ በሉ፣ ከብቶቹ ቀንዳቸው ረጅም ነው፣ ሻኛ ግን የላቸውም። ዛሬ አካባቢው ላይ የምታዩት በሬ ደግሞ ባለሻኛ ነው። አንዱ ዘር ሄዶ ሌላው መጥቷል ማለት ነው፣ ሠዓሊው ግን የራሱን ዘመን መዝግቦ አስቀምጦልናል። መንገዱ ጠንካራ መኪናና አገሩን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ለጓደኛዬ አንድ ቀን ብቻ ስለነበረው እንዲያውም አላነሳሁለትም።

ደንገጎንም በአንድ መስመር ልንገራችሁ፦ ወደ ሐረር የሚወስደውን ጠመዝማዛ ዳገት ትንሽ እንደወጣችሁ ወርዳችሁ ወደ ኋላ ዙሩ፣ ሜዳው በሙሉ ይታያል፣ ንፋሱም ሹራብ ያሰኛል።

ማታ ደግሞ ሌላ ከተማ ናት። የሚበላው ይወጣል፣ ሳምቡሳው፣ ባጂያው፣ ሙሸበኩ፣ ሩዝ በፍየል ሥጋው። ከአንዱ ቤት የዓሊ ቢራ ድምፅ ይሰማል። እሱም የድሬ ልጅ ነው፣ አፍረን ቀሎ የሚባለው የኦሮሞ የሙዚቃ ቡድንም የተወለደው እዚችው ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያርፍ ድሬ ያለቀሰችው በሦስትና በአራት ቋንቋ ነበር፣ ሰዉ ዘፈኑን የሚያውቀው በየራሱ ነዋ።

እና የማንም ጎብኚ መጽሐፍ የማይጽፈው አንድ ነገር። እኛ ቤት በግንቦት ማንም ውስጥ አይተኛም ነበር። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን የሽቦ አልጋዎቹ ወደ ግቢ ይወጣሉ፣ ሲጎተቱ ሲሚንቶው ላይ የሚያሰሙት ጩኸት ከየጎረቤቱ ይሰማል፣ አንዱ ከጀመረ ሁሉም ይከተላል። እናቴ አንሶላውን ውኃ ነክራ ጨምቃ ታለብሰናለች። ሲደርቅ እንቅልፍ ወስዶናል። አሁንም መጋላ ውስጥ በዚያ ሰዓት ብታልፉ ያ የአልጋ ጩኸት አይጠፋም። ቆማችሁ አትዩ፣ የሰው መኝታ ቤት ነው። ግን አዳምጡ።

ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ሰምቶ በረራውን በአንድ ቀን ገፋው። ለዋሻው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ልነሳ ነው ብሎኝ ተለያየን።

በማግስቱ እንዴት ሆነ ብዬ 7 ሰዓት ላይ ደወልኩለት። አላነሳም። 8 ሰዓት ላይ ደገምኩ፣ አላነሳም። 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ራሱ ደወለ፣ ድምፁ ጎርንኗል።

«ምነው ስንቴ ትደውላለህ? ተኝቼ ነበር እኮ» አለኝ።